ጠላት ገብቶ እናት የቀረችበት ተራራ

ጃፓን ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ምንድን ነው? ቶዮታ! ከዚያ ሶኒ፣ ከዚያ ካራቴ፣ ከዚያ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ከች የሚል ባቡር። የዛሬ ልጆች የካርቱን ፊልሙንም ይጨምሩበታል። በርግጥ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ወገኖቼ፣ ይቺው የማሽን አገር በደን የተሸፈነ አንድ ተራራ አላት። እዚያ ተራራ ላይ፣ ካረፈ አሥራ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ አንድ መነኩሴ ዛሬም በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ይቀርብለታል። በኛ አቆጣጠር ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ደግሞ ረፋዱ ላይ በ4 ሰዓት ተኩል። ለምን ቢሉ፣ ተከታዮቹ "አልሞተም፣ በተመስጦ ተቀምጧል" ብለው ያምናሉ።

ተራራው ኮያሳን ይባላል። ከኦሳካ ከተማ በስተደቡብ፣ ዋካያማ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ተራራ ስላልኩ ሾጣጣ ጫፍ እንዳትጠብቁ። ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ስምንት ጫፎች ከበውታል። ጃፓኖች አቀማመጡን ስምንት ቅጠል ባለው የሎተስ አበባ ይመስሉታል። መሃሉ ላይ ከተማ አለ። ፖስታ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሱቅ… ምን የሌለው አለ? ከዚያ መሃል 117 ቤተ መቅደሶች ተሰግስገዋል። ከ50 የማያንሱት እንግዳ ያሳድራሉ። ዩኔስኮም በ2004 ቦታውን በአካባቢው ካሉ ሌሎች ቅዱሳት ሥፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዱስ ቦታ ስንሄድ አብዛኞቻችን ቶሎ የምናየው ጣሪያውን፣ ወርቁን፣ ሥዕሉን ነው። ፎቶ እናነሳለን፣ በቃ፣ ሄድን እንላለን። እኔ ግን ኮያሳን ላይ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ በሩ ነው። ማን ይገባል? ማን ደጅ ይቀራል? ይቺን ጥያቄ ይዛችሁ ከወጣችሁ ተራራው ብዙ ያጫውታችኋል።

"የገነት ድልድይ"

መንገዱ ቀላል ነው። ኦሳካ ውስጥ ናምባ ከሚባለው ጣቢያ የናንካይ ባቡር ይያዛል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ ፎቅና ፋብሪካ፣ ቀጥሎ መንደርና የፍራፍሬ እርሻ፣ በመጨረሻ ዋሻ፣ ገደል፣ ደን ብቻ። የመጨረሻው ጣቢያ ስሙ ጎኩራኩባሺ ነው፤ ትርጉሙ "የገነት ድልድይ"። ከዚያ በገመድ በሚጎተት ባቡር አምስት ደቂቃ ሽቅብ ይወጣል። በዚያች አምስት ደቂቃ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላላችሁ፤ ዳገቱ እንዲያው ግድግዳ ነው። ከላይ ደግሞ አውቶቡስ አለ። ከጣቢያው የሚነሳው መንገድ ለእግረኛ የተከለከለ ስለሆነ "በእግሬ ላዝግም" ማለት የለም።

አብራኝ የሄደችው ኦሳካ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት። ስሟ ይቆየን። ቋንቋውን እንደ ውሃ ባትጠጣውም ታቀላጥፈዋለች። አውቶቡሱ ገና ከመነሳቱ መጀመሪያ የቆመበትን ፌርማታ ስም ሰምታ ዞር አለችና፣

"ጋሼ፣ ምን እንዳለ ሰማህ? 'የሴቶች አዳራሽ' ነው ያለው" አለችኝ።

"ታዲያ እንውረዳ!"

ወረድን። በሩ ያለው እዚህ ነበርና።

የእናት ነገር

ከበሩ በፊት ግን የባለቤቱን ታሪክ ላስቀድም። ኩካይ ይባላል። በ774 ሺኮኩ ደሴት ላይ ተወለደ። በ804 ባሕር ተሻግሮ ቻይና ገባ። በዚያን ዘመን ከዓለም ትላልቅ ከተሞች አንዷ ከነበረችው ከቻንግአን ዘንድ፣ ሁይጉዎ ከሚባል መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በ806 አገሩ ተመለሰና ሺንጎን የሚባለውን የቡዲዝም ክፍል መሠረተ። ሺንጎን ማለት "እውነተኛ ቃል" ነው። በ816 ንጉሠ ነገሥቱ ሳጋ ይህን ተራራ ሰጡት፣ እሱም ገዳሙን ማቋቋም ጀመረ። በ835 አረፈ፤ ተከታዮቹ ግን ከላይ እንዳልኩት "በተመስጦ ገባ" ነው የሚሉት። ኮቦ ዳይሺ የሚለው የክብር ስሙ የተሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በ921 ነው።

ስለ ቦታው አመራረጥ የሚነገረው ትውፊት ደስ ይላል። ኩካይ ከቻይና ሊነሳ ሲል ሦስት ጣት ያለው የናስ የጸሎት ዕቃ ወደ ሰማይ ወረወረ፤ "የወደቀበት ቦታ ገዳሜ ይሆናል" አለ። ኋላ ጃፓን ውስጥ ቦታ ሲፈልግ ነጭና ጥቁር ውሻ የያዘ አዳኝ አግኝቶ መራው። ዕቃውም ኮያሳን ላይ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ ይባላል። ዛፉ ዛሬም አጥር ተሠርቶለታል። የዚህ ዓይነት ዛፍ ቅጠሉ በአብዛኛው ሁለት ሁለት ሆኖ ሲበቅል የዚህኛው ሦስት ሦስት ነው። ጎብኚው ሁሉ አጎንብሶ የወደቀ ባለ ሦስት ቅጠል ሲፈልግ ታገኙታላችሁ። ያገኘ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፤ ዕድል ያመጣል ይላሉ።

እንግዲህ ይህ ሰው ዝነኛ ሲሆን እናቱ ከሺኮኩ ተነስታ ልጇን ልትጠይቅ መጣች። ሰማንያ አልፏት ነበር ይባላል። ግን መውጣት አልቻለችም። ለምን? ተራራው ለሴት የተከለከለ ነዋ! ከሥሩ፣ ዛሬ ጂሶንኢን የሚባለው ቤተ መቅደስ ካለበት ቦታ ተቀመጠች። ልጅየው በወር ዘጠኝ ጊዜ ከላይ እየወረደ ይጠይቃት ነበር ይላል ትውፊቱ። ከተማዋም ስሟ ኩዶያማ፣ "የዘጠኝ ጊዜ ተራራ" ሆኖ ቀረ። ከጂሶንኢን እስከ ላይኛው ገዳም የሚወስደው ጥንታዊ የእግር መንገድ ዛሬም አለ። በየ109 ሜትሩ አንድ የድንጋይ ዓምድ ቆሞለታል፤ 180 ናቸው፤ የተተከሉት በ13ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በእግር ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል። እስቲ አስቡት፣ ያንን መንገድ በወር ዘጠኝ ጊዜ! ቁጥሩ ለትውፊት የተጋነነ ቢሆንም የልጅ ፍቅር ተነግሮበታል።

አብራኝ ያለችው ልጅ ግን አልተዋጠላትም።

"እና ጋሼ፣ እናቱን ደጅ አስቀርቶ ነው ቅዱስ የተባለው?"

"የዘመኑ ሕግ ነዋ።"

"የገዳሙን ሕግ ያወጣው ማን ሆነና?"

ምን ይመለሳል? ዝም አልኩ። እሷ ግን ቀጠለች። "ደብረ ዳሞም እኮ በገመድ የሚወጣው ወንድ ብቻ ነው። አክስቴ ከታች ሆና ተሳልማ ነው የተመለሰችው።"

ያለነው ጥቁር የእንጨት አዳራሹ ፊት ለፊት ነበር። ትንሽ ናት። ውስጧ ሻማና ዕጣን ብቻ። ወደ ኮያሳን የሚያስገቡት በሮች ሰባት ነበሩ፣ በእያንዳንዱ በር አጠገብም እንዲህ ዓይነት የሴቶች ማረፊያ ነበር። ዛሬ የቀረችው ይቺ አንዷ ናት። ከሩቅ አገር ወራት ተጉዘው የመጡ እናቶች እዚህ ደርሰው "በቃችሁ" ተብለዋል። ግን አርፈው አልተቀመጡም። ከበር ወደ በር፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ፣ በተራሮቹ ራስ ላይ እየዞሩ ወደ ውስጥ የሚያጮልቁበት የራሳቸው መንገድ አወጡ። "የሴቶች መንገድ" ይባላል። ዛሬ ወጣቶች ለስፖርት ይሄዱበታል። ያን ጊዜ ግን የናፍቆት መንገድ ነበር።

የጃፓን መንግሥት ሴቶችን ከቅዱሳት ተራሮች የሚያግደውን ክልከላ በሕግ ያነሳው በ1872 ነው። ኮያሳን ግን እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ከሺህ ዓመት በላይ የተዘጋ በር በአንድ ወረቀት አይከፈትማ።

ሽንኩርት የሌለበት የጾም ወጥ

ያደርነው ከቤተ መቅደሶቹ በአንዱ ነው። ኮያሳንን በቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ግን አታድርጉት። ቱሪስቱ በባቡር ከወረደ በኋላ ነው ተራራው ራሱን የሚሆነው።

ክፍሉ የሰሌን ምንጣፍና የወረቀት በር ብቻ ነው። አልጋ የለም፤ ማታ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፉላችኋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እራት በኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀርባል፤ "ቆይቼ እበላለሁ" የለም! ምግቡ ሥጋም ዓሣም የለበትም። ለጿሚ ሰው ሰርግና ምላሽ ነው። ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ቶፉ አለ። በተራራው ብርድ በረዶ አስመትተው ያደርቁት የነበረ፣ ስሙንም ከተራራው የወረሰ ሌላ ዓይነት ቶፉ አለ። ከሰሊጥ የሚሠራ እንደ ገንፎ ለስላሳ ነገርም አለ። እንጉዳይ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ሩዝ። አንዱን ግን ስሙኝ፤ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም! "ስሜት ያነሳሳል" ብለው ነው መነኮሳቱ የተዉት። ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ አለ ብለን ስንስቅ ሳህኑ አለቀ።

ምግቡን ያቀረበልን ወጣት መነኩሴ ነው። እንግሊዝኛ ይሞካክራል። ልጅቷ የበሩን ነገር ጠየቀችው፤ "ሴት ትግባ ሲባል አባቶቻችሁ ምን አሉ?" መነኩሴው ፈገግ ብሎ ሳህኑን እያነሳ፣ "ተራራው ይረክሳል ብለው ፈርተው ነበር። ገቡ። ተራራው ግን አልወደቀም" አላት። ቀጥሎም ይቺን ጨመረ፤ "አሁን ጠዋት ጸሎት ላይ የሚቀመጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው።"

የጠዋቱ ጸሎት ከነጋ በኋላ ወዲያው ነው። ከፈለጋችሁ ትገባላችሁ፤ ካልፈለጋችሁ ማንም አያስገድዳችሁም። ጨለም ያለ አዳራሽ፣ ከበሮ፣ ደወል፣ በአንድ ድምፅ የሚወርድ ንባብ። ከኋላ ተቀምጦ ማዳመጥ ይቻላል። ብርዱን ግን አይጣል ነው! ካልሲ ደርቡ።

የጠላቶች ደን

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከከተማው በስተምሥራቅ ኦኩኖኢን የሚባል መቃብር አለ። ከመጀመሪያው ድልድይ እስከ ኩካይ ማረፊያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ግራና ቀኝ ብዙ መቶ ዓመት የቆሙ፣ ጥድ የሚመስሉ ግዙፍ ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው ከ200 ሺህ በላይ መቃብሮች። ሽበት የመሰለ ሻጋታ የለበሱ፣ የዘመሙ፣ የሰመጡ፣ ሥር ያቀፋቸው። ሁሉም ውስጥ አስከሬን አለ ማለት አይደለም። ከኩካይ አጠገብ ለመሆን ሲባል የጥቂት አመድ፣ የጸጉር ወይም የመታሰቢያ ድንጋይ ብቻ የቆመላቸው ብዙ ናቸው።

በጨረፍታ ስታዩት የሰላም መንደር ይመስላል። ስሞቹን ስታነቡ ግን ጉድ ነው!

ታኬዳ ሺንገንና ኡኤሱጊ ኬንሺን የሚባሉ ሁለት የጦር አበጋዞች ነበሩ። ከ1553 እስከ 1564 ባለው ጊዜ ካዋናካጂማ በሚባል አንድ ሜዳ ላይ ብቻ አምስት ጊዜ ተዋግተዋል። እዚህ መንገዱን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ተያይተው አርፈዋል። ኦዳ ኖቡናጋ የሚባለው ኃይለኛ ጌታ አለ። በ1582 የገዛ አዛዡ አኬቺ ሚትሱሂዴ ከድቶት፣ ኪዮቶ ውስጥ ቤተ መቅደስ ላይ ከብቦት፣ እሳት ውስጥ ራሱን ገደለ። ከዳተኛውም ከሁለት ሳምንት አልዘለለም፣ ተገደለ። የሁለቱም መታሰቢያ እዚሁ ደን ውስጥ ነው። የከዳተኛው ድንጋይ የተሰነጠቀ ነው፤ "የኖቡናጋ ቂም ነው የሚሰነጥቀው" ይላል ያገሬው ሰው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ይሄ ነው። ይኸው ኖቡናጋ በ1581 ኮያሳንን ራሱን በጦር ከብቦት ነበር። ከገዳሙ ወጥተው በየአገሩ የሚዞሩትን ባሕታውያን እያስያዘ በብዛት አስገድሏቸዋል። ተራራው የተረፈው ሰውዬው በዓመቱ ስለሞተ ነው። ታዲያ መነኮሳቱ ምን አደረጉ? ሊያጠፋቸው ለመጣው ሰው ከደናቸው ቦታ ሰጡት።

ሌላም አለ። ጃፓን በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኮሪያን ወርራ ብዙ ደም ፈሶ ነበር። የዘመቱት የሺማዙ ቤተሰብ ጌቶች ሲመለሱ በ1599 እዚህ ሐውልት አቆሙ። ሐውልቱ ለሞቱት ወገኖቻቸው ብቻ አይደለም፤ ለጠላቶቻቸውም ጭምር ነው። ወረራው ግፍ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሐውልት ደም አያጥብም። ግን ከገደሉት ሰው ስም ጋር የገዳዩን ወገን አንድ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነገር ነው? እስቲ ሁላችንም የየቤታችንን ጠብ፣ የየሰፈራችንን ቂም አስበን እንመልሰው።

ቀልድ የሚመስልም አለ። አዲሱ የመቃብሩ ክፍል ውስጥ ትልልቅ ኩባንያዎች ለሞቱ ሠራተኞቻቸው መታሰቢያ አቁመዋል። ፓናሶኒክ አለ፣ ኒሳን አለ። አንድ የቡና ኩባንያ ያቆመው ትልቅ የድንጋይ ስኒ ከነማስቀመጫው ቆሟል፤ የቡና አገር ልጅ ሆኖ አለመሳቅ ይቻላል? የመንኮራኩር ቅርጽ ያለውም አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ምስጥ አጥፊዎቹ ማኅበር ለገደሏቸው ምስጦች ያቆመው መታሰቢያ ነው። ምስጦቹ በሰላም እንዲያርፉ ይለምናል። እኛ ምስጥን በጋዝ ነው የምናርፈው!

ደግሞ ያላሰብኩት ነገር አየሁ። ዛፎቹ መሃል መስቀል የተቀረጸበት፣ በቻይንኛ ጽሑፍ የተሞላ ረጅም ድንጋይ አለ። ቡዲስት መቃብር ውስጥ መስቀል ምን ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ነው። በ781 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያኖች፣ እኛ ንስጥሮሳውያን የምንላቸው፣ ቻንግአን ላይ ክርስትና ቻይና እንዴት እንደገባ የሚተርክ ሐውልት አቆሙ። በኛ ሊቃውንት ዘንድ ንስጥሮስ የተወገዘ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የሐውልቱን ጽሑፍ የጻፈው ጂንግጂንግ የሚባል የነሱ ቄስ፣ ፕራጅና ከሚባል ቡዲስት መነኩሴ ጋር በአንድነት መጽሐፍ ለመተርጎም የሞከረ ሰው ነበር። ያ ፕራጅና ደግሞ ኩካይ ቻይና በሄደ ጊዜ ከመምህሮቹ አንዱ ሆነ። ይህን ዝምድና የወደደች አንዲት እንግሊዛዊት ሴት፣ ኤልሳቤት አና ጎርደን፣ የሐውልቱን ግልባጭ አሠርታ በ1911 እዚህ አስተከለች። ልብ በሉ፤ ሴት ገና መግባት በጀመረችበት ዘመን፣ ሴት ያስተከለችው መስቀል!

ውሃው ዘንድ

ወደ መጨረሻው ድልድይ ሲቀረብ ወንዝ ዳር በተርታ የቆሙ የነሐስ ምስሎች አሉ። ሰዉ በጭልፋ ውሃ ይጨልፍና ምስሎቹ ላይ ያፈስሳል፤ ለሞቱበት ቤተሰቦቹ ነው። ልጅቷ ጭልፋ አነሳች። ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ ያየችኝ ዓይኗ ሌላ ነበር።

"ጋሼ፣ አባቴ እኮ ሰባት ወሩ ነው።"

አላውቅም ነበር። ቤተሰቧ ፈተና ላይ ነች ብለው ደብቀዋት፣ የሰማችው ከተቀበረ በኋላ ነው። አፈር አልጣለችም። ድንኳን አልተቀመጠችም። አርባው ላይ የነበረችው በስልክ ነው፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። "ኦሳካ ውስጥ ማን ጋ ሄጄ ላልቅስ?" አለችኝ። "ይሄን ውሃ ባፈስ ኃጢአት ይሆንብኛል?"

"የሃይማኖቱን ነገር የንስሐ አባትሽ ይመልሱልሽ" አልኳት። "አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ማልቀስ የማንም ሃይማኖት ኃጢአት አይደለም።"

ጭልፋውን መልሳ አስቀመጠች። ውሃውን አላፈሰሰችም። የድንጋይ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣ በሰባት ወር ውስጥ ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ አለቀሰችው። አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት አጠገቧ ደርሰው ቆሙ። ምንም አልጠየቁም። ከቦርሳቸው የወረቀት መሐረብ አውጥተው ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ሄዱ።

በውጭ ያላችሁ ወጣቶች፣ መርዶ በስልክ የደረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ሐዘን ቦታ ይፈልጋል። ቦታው የግድ አገር ቤት፣ የግድ የራስ ቤተ እምነት ላይሆን ይችላል። ግን ቀጠሮ ስጡት። "ሥራ አለብኝ፣ ፈተና አለብኝ" እየተባለ የተገፋ ለቅሶ የትም አይሄድም፤ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ይመጣል።

ደጅ የቀረችው፣ የገባው መብራት

ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ ፎቶ የለም፣ መብል የለም፣ ጫጫታ የለም። ፊት ለፊት የመብራት አዳራሽ አለ፤ ውስጡ ከ10 ሺህ በላይ መብራቶች ይበራሉ። ከጀርባው የኩካይ ማረፊያ ነው፣ በሩ የተዘጋ።

ከነዚያ መብራቶች አንዱ ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፎታል፣ አልጠፋም ይባላል። "የድሃዋ ሴት መብራት" ነው ስሙ። ኦቴሩ የምትባል ምስኪን ልጅ ላሳደጓት ወላጆቿ መታሰቢያ ማብራት ፈለገች። ገንዘብ የላትም። ጥቁር ጸጉሯን ቆርጣ ሸጠችና በዋጋው አንድ መብራት ሰጠች። አንድ ሀብታም ደግሞ አሥር ሺህ መብራት አስበራ። ነፋስ መጣ። የሀብታሙ ሁሉ ጠፋ፣ የልጅቷ አንዷ ቀረች ይላል ትውፊቱ።

ታሪኩ ለድሃ ማጽናኛ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ግን ዘመኑን አስቡት። ያን ጊዜ ሴት ተራራውን መርገጥ አትችልም። ስለዚህ ኦቴሩ ደጅ ቀርታ፣ ጸጉሯ ተሸጦ፣ መብራቷ ብቻ ገባ። ገዳሙ ያልተቀበላትን ሴት መብራት ዘጠኝ መቶ ዓመት እየጠበቀ ኖረ። የበሩ ጠባቂዎች ምን ይሉ ኖሯል?

ለምትሄዱ

በአጋጣሚ ለትምህርትም ለሥራም ጃፓን ከደረሳችሁ ምክሬ ይቺ ናት።

ማደሪያውን አስቀድማችሁ ያዙ፤ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሉ ሲቀላ ቦታ አይገኝም። ከእራት ሰዓት በፊት ድረሱ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል ቤት ያጋጥማል። መታጠቢያው የጋራ ነው፤ የወንድና የሴት ለየብቻ ቢሆንም ልብስ ለብሶ መግባት የለም። መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ ተለቅልቃችሁ ነው ገንዳ የሚገባው። በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በረዶ ይጥላል፤ የኦሳካን ልብስ ለብሳችሁ እንዳትወጡ። ሙስሊም የሆናችሁ ደግሞ ምግቡ ሥጋ ባይኖረውም ማጣፈጫው የሩዝ ወይን ሊገባበት ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኮንጎቡጂ የሚባለውን ዋናውን ቤተ መቅደስ እንዳታልፉት። 140 ድንጋይ የተደረደረበት የአሸዋ ግቢ አለው፤ ድንጋዮቹ ከኩካይ የትውልድ አገር ከሺኮኩ የመጡ ናቸው። ጣሪያው ላይ በርሜሎች ታያላችሁ፤ ለእሳት አደጋ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ናቸው። ተራራው በመብረቅና በእሳት ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል። 48 ሜትር ተኩል የሚረዝመው ቀይ ግንብ መሳይ ዋና መቅደስ ራሱ ዛሬ የቆመው በ1937 እንደገና ተሠርቶ ነው።

ስለ አክብሮት "የሌላ ሃይማኖት ቤት ገብቼ ምን ላድርግ?" የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ ቀላል ነው። ሳይሰግዱ ማክበር ይቻላል። ኮፍያ አውልቁ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ አታንሱ የተባለውን ፎቶ አታንሱ፣ በሚጸልይ ሰው ፊት አትለፉ። ሃይማኖቴን ያስነካብኛል ብላችሁ የምትሰጉ ደጁ ላይ ቁሙ፤ ማንም አይቀየማችሁም። ሄዶ ማሾፍ ግን ነውር ነው፣ የትኛውም እምነት ቢሆን።

በመጨረሻ ስለ በሩ። ኮያሳን ሊያጠፋው ለመጣ ጌታ ቦታ ሰጥቷል፣ ለከዳተኛ ሰጥቷል፣ ለምስጥ ሰጥቷል፣ የሌላ ሃይማኖት መስቀል እንኳ ተቀብሏል። ለገዛ መሥራቹ እናት ግን ሺህ ዓመት ዘግቶ ኖረ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስተባብለውም። ሰውም እንደዚያው ነን። ጠላታችንን ይቅር ብለን የምንመካ፣ ቤታችን ውስጥ አንዲት እናት ወይ አንዲት እህት ደጅ ያስቀረን እንኖራለን። ልዩነቱ፣ የኛ በር እስኪከፈት አዋጅ አያስፈልገውም።